ለሐምሌ 10 የተያዘ ቀጠሮ

ድሬዳዋ ያደገ ሰው ሙዚየም ለመግባት ቀጠሮ መያዝ የሚባለውን ነገር አያውቀውም። ለእኔ ሙዚየም መሄድ ማለት ቅዳሜ ጠዋት፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ ሚኒባስ ተሳፍሮ የደንገጎን ጠመዝማዛ መውጣት፣ ሐረር ደርሶ ጀጎል መግባት፣ ጠባቡን መንገድ ተከትሎም ራስ ተፈሪ ኖረውበታል ወደሚባለውና ዛሬ ሸሪፍ ሙዚየም ወዳለበት ቤት መዝለቅ ነው። በሩ ክፍት ከሆነ ይገባል፤ ለምሳ ተዘግቶ ከሆነ ደግሞ እስኪከፈት ሻይ ይጠጣል። ከገቡ በኋላ በድሮዎቹ ሳንቲሞች፣ በእጅ በተጻፉት መጻሕፍትና በጎራዴዎቹ ፊት የፈለጉትን ያህል ቢቆሙ ጊዜ የሚቆጥር የለም። ከዚያ በፈረንሳዊው ገጣሚ ስም የሚጠራው ራምቦ ቤት ይቀጥላል፤ ሲመሽም ጅቦቹ ወደሚመገቡበት ይኬዳል። እዚያም ቢሆን የሚጠበቀው የጅቦቹ መምጣት ነው፤ ስሜን አስመዝግቡልኝ የሚል ጎብኚ አላየሁም።

በ2017 ዓ.ም. ክረምት ቤተሰቤን ይዤ ሮም ለመሄድ ሳስብም በልቤ የነበረው ይኸው ልማድ ነበር። ታላቅ ወንድሜ እዚያ መኖር ከጀመረ 20 ዓመት አልፎታል። እናታችን 71 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል፤ ልጇ የሚኖርበትን ቤት ሳታይ እንዳትሞት የሁላችንም ስጋት ነበር። ከእሷ ጋር እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ13 ዓመት ሴት ልጃችንና የ6 ዓመት ወንድ ልጃችን እንድንሄድ ተስማማን። ወንድሜ በስልክ ምን ማየት እንደምንፈልግ ሲጠይቀኝ «እዚያው ደርሰን እናያለን» አልሁት። ትንሽ ዝም ካለ በኋላ «እህቴ፣ እንደሱ ብለሽ ከመጣሽ የምታዪው የሰው ጀርባ ነው» አለኝ። እ.ኤ.አ. 2025 የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የኢዮቤልዩ ዓመት በመሆኑ ከተማዋ በምእመናን እንደተሞላች፣ በዚያ ላይ የክረምቱ ወራት ለእነሱ የዕረፍት ጊዜ እንደሆነ ነገረኝ።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ቅር አሰኝቶኝ ነበር። አንድን ሥዕል ለማየት ከሁለት ወር በፊት ሰዓት መምረጥ ከጉብኝት ይልቅ የሆስፒታል ተራ መስሎ ታየኝ። ሐሳቤን ያስለወጠኝ ስለሌላ ከተማ ያነበብሁት ነገር ነው። ሚላን ውስጥ በአንድ ገዳም የምግብ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ያለው የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ «የመጨረሻው እራት» የሚጎበኘው በትንንሽ ቡድን፣ ለ15 ደቂቃ ብቻ ነው። ሊዮናርዶ በ1490ዎቹ እ.ኤ.አ. ሥዕሉን የሠራው እንደ ልማዱ ልስኑ እርጥብ ሳለ ሳይሆን በደረቀ ግድግዳ ላይ ስለነበር ቀለሙ ገና እሱ በሕይወት እያለ መርገፍ ጀምሯል። ዛሬም የሰው ትንፋሽ፣ ላብና ከልብስ የሚራገፍ አቧራ ይጎዳዋል፤ ስለዚህ ጎብኚ የሚገባው አየሩ በሚጣራባቸው ክፍሎች አልፎ ነው። ይህን ሳነብ በየገጠሩ አብያተ ክርስቲያናት ያየኋቸው የግድግዳ ሥዕሎች ትዝ አሉኝ። የጧፍ ጭስ ያጠቆራቸው፣ በፍቅር የሚዳስሳቸው እጅ ብዛት ፊታቸውን ያጠፋባቸው ቅዱሳን ብዙ ናቸው። የሚላኑ 15 ደቂቃ ከስስት የመጣ ሳይሆን ልጅ ልጆቻችንም እንዲያዩት ተብሎ የተሰፈረ መሆኑ ሲገባኝ ቅሬታዬ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ቀን መቁጠር ጀመርሁ።

ቀን ቆጠራው ላይ የራሳችን የዘመን አቆጣጠር እንዴት እንዳገዘኝ ልናገር። የቫቲካን ሙዚየሞች ትኬት የሚለቀቀው ጉብኝቱ 60 ቀን ሲቀረው ነው፤ የጥንቶቹ ሮማውያን የትርዒት ሜዳ የነበረው የኮሎሴየሙ ደግሞ 30 ቀን ሲቀረው። ወንድሜ በእነሱ ካላንደር ሲቆጥር አንዱ ወር 31፣ ሌላው 30 እየሆነበት ሁለት ጊዜ ተሳሳተ። የእኛ ወር ግን ሁሉም እኩል 30 ቀን ነው። ቫቲካንን ሐምሌ 10 ማየት ከፈለግን ትኬቱ የሚወጣው ግንቦት 10 ነው፤ ኮሎሴየምን ሐምሌ 14 ካልን ሰኔ 14 ነው። ከጳጉሜን ወዲህ እስካለ ድረስ ጣት መቁጠር እንኳ አያስፈልግም። ማቀዝቀዣችን ላይ በማግኔት የለጠፍሁት ወረቀት እነዚህን ሁለት ቀናት ብቻ የያዘ ነበር፤ ወንድሜም በመጨረሻ «በሐበሻው ቁጠሪልኝና ወደ ፈረንጁ እመልሰዋለሁ» ማለት ጀመረ።

ቀኖቹን የመረጥነውም ዝም ብለን አይደለም። እናቴ የሐዋርያትን ጾም ሳትፈታ መንገድ አልወጣም አለች፤ ጾሙ ሐምሌ 5 ስለሚፈታ ሐምሌ 6 እሑድ ለመግባት ተስማማን። ረቡዕና ዓርብ እስከ 9 ሰዓት እህል ስለማትቀምስ በእነዚያ ቀናት ረጅም እግር ጉዞ ያለበት ነገር እንዳይያዝ ወሰንሁ። የቫቲካን ሙዚየሞች ከወሩ የመጨረሻ እሑድ በስተቀር እሑድ ዝግ ናቸው። በዚያች የመጨረሻ እሑድ በነጻ ያስገባሉ፤ ሰልፉ ግን አጥሩን ዞሮ ይሄዳል ይባላል። እንዲህ ሲጣራ የተረፈን ሐሙስ ሐምሌ 10 ነበር። የመዝጊያ ቀንን አስቀድሞ ማጣራት ቀላል የሚመስል ነገር ነው፤ ሆኖም የፓሪሱ ሉቭር ማክሰኞ፣ የሮሙ ቦርጌዜ ጋለሪ ሰኞ እንደሚዘጋ ሳያውቁ በር ላይ ደርሰው የሚመለሱ ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም።

ከባዱ ጥያቄ ቪዛው ነበር። ከሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት ለኢትዮጵያውያን የሸንገን ቪዛ አሰጣጥን አጥብቋል። ለሌላው 15 ቀን የሆነው መደበኛ የውሳኔ ጊዜ ለእኛ 45 ቀን ሆኗል። ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ማስገባት ይቻላል፤ ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስም ይጠየቃል። የሙዚየም ትኬት ግን ማንም አይጠይቅም። ስለዚህ ለአንባቢ የምመክረው፣ ቪዛ ሳይያዝ ገንዘቡ የማይመለስ ትኬት እንዳይገዛ ነው። ይህን እየመከርሁ እኔ ራሴ አንዱን ገዝቻለሁ። ግንቦት 10 ሲደርስ ፓስፖርቶቻችን ገና አልተመለሱም ነበር። የቫቲካኑ ትኬት ለአዋቂ 20 ዩሮ፣ ከ7 እስከ 18 ዓመት ላለ ልጅ 8 ዩሮ ሲሆን ቀድሞ ለማስያዝ በእያንዳንዱ ላይ 5 ዩሮ ይጨመራል፤ ከ7 ዓመት በታች ነጻ ነው። ለሦስት አዋቂና ለልጄ 88 ዩሮ መጣ። በብር ስመታው እጄ ተንቀጠቀጠ። ከባለቤቴ ጋር ብዙ ተነጋገርን፤ ቪዛው ከተከለከልን 88 ዩሮ እንደጠፋ እንቁጠረው፣ ቪዛው መጥቶ ትኬት ከጠፋ ግን እናታችንን ሐምሌ ፀሐይ ላይ ለሦስት ሰዓት ልናቆማት ነው ብለን ገዛነው። የሌሎቹን ግን ቪዛው እስኪመጣ አንድም አልነካንም። ፓስፖርቶቹ ግንቦት መጨረሻ ላይ መጡ።

የተገዛበት ሌሊት ትዝ ይለኛል። ሮም እኩለ ሌሊት ስትሆን እኛ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው፤ ቀኑ እዚያ ሲለወጥ ዝግጁ ልሁን ብዬ ከወንድሜ ጋር በቴሌግራም እየተያየን ተቀመጥን። ግንቦት ድሬዳዋ እንዴት እንደሚሞቅ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ መስኮቶቹ ሁሉ ተከፍተዋል፤ ልጆቹ በረንዳ ላይ ተኝተዋል፤ ከሩቅ የአንድ ባጃጅ ድምፅ ይሰማል። የአምስቱን ፓስፖርቶች ቅጂ ጠረጴዛው ላይ ደርድሬ ስሞቹን ፊደል በፊደል እነግረዋለሁ፤ እሱ ይጽፋል። የእኔ ካርድ በብር ብቻ የሚሠራ በመሆኑ ከፋዩም እሱ ነበር። ከኢትዮጵያ ሆኖ የሚያቅድ ሰው የውጭ ምንዛሪ የሚከፈልበት ካርድ ከባንኩ ማግኘት ይችል እንደሆነ ቀደም ብሎ ቢያጣራ፣ አለዚያም እንደ እኛ የሚከፍልለት ዘመድ ቢያዘጋጅ ይሻላል፤ ትኬቱ በሚለቀቅበት ሌሊት ካርድ አልሠራ ሲል የሚያዝ መፍትሔ የለም።

ከዚያ በፊት ግን ወንድሜ ሌላ ስህተት ሊሠራ ነበር። በፍለጋ ከላይ የመጣለትን ድረ ገጽ ከፍቶ ሊከፍል ሲል ዋጋውን ጠየቅሁት፤ ከእጥፍ በላይ ነበር። ትኬት ገዝቶ መልሶ የሚሸጥ ድርጅት ድረ ገጽ ነው፤ አሠራሩ የሙዚየሙን አስመስሎ የተዘጋጀ በመሆኑ 20 ዓመት እዚያ የኖረ ሰው እንኳ አልለየውም። የቫቲካኑን ትክክለኛ ድረ ገጽ ለመለየት አድራሻው የሚያልቅበትን ማየት ይበቃል፤ የሀገሪቱ መለያ በሆነው ነጥብ ቪኤ ያልቃል። አስጎብኚ አብሮ ያለበት ከሆነ ለድርጅት ተጨማሪ መክፈል ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ለባዶ ትኬት እጥፍ መክፈል ግን የልጆች ምሳ መስጠት ነው።

አሁን ስለ ስም ልጻፍ፤ ለእኛ ከሁሉም የሚበልጠው ጣጣ ይህ ነው። የኮሎሴየም ትኬት እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2023 ጀምሮ በስም የሚቆረጥ ሆኗል። ትኬት አየር ባየር የሚሸጡትን ለመከላከል ስሙ በር ላይ ከመታወቂያ ጋር ይመሳከራል። ዋጋው ለአዋቂ 18 ዩሮ ነው፤ ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ በነጻ ቢሆንም ለእሱም በስሙ ትኬት ይያዛል። ቅጹ ስምና የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም። የእኔ ሁለተኛ ስም አባቴ ነው፣ የልጆቼ ባለቤቴ ነው፣ የእናቴ ደግሞ አያቴ ነው። በአንድ ቤት የምንኖር አምስት ሰዎች በአራት የተለያየ የቤተሰብ ስም ስንመዘገብ ለጣሊያኑ ሠራተኛ ዘመዳሞች አንመስልም። መፍትሔው ፓስፖርቱ ላይ በላቲን ፊደል የተጻፈውን፣ የተሳሳተ እንኳ ቢሆን፣ እንዳለ መገልበጥ ነው። የባለቤቴ አባት ስም በእሱ ፓስፖርት ላይና በልጆቹ ፓስፖርት ላይ በአንድ ፊደል ይለያያል፤ ሁለቱንም እንዳሉ ጻፍናቸው።

የኮሎሴየሙን ትኬት ሰኔ 14 ሲቆርጥ ግን ወንድሜ ብቻውን ነበር፤ እኔ ሥራ ላይ ነበርሁ። የሁላችንንም በትክክል ጻፈ፤ የእናታችንን ግን በቤት ስሟ ጻፈው። አልፈርድበትም። አያቷ ያወጡላት የቤት ስም ነው ሰፈር፣ ገበያና ዕድር የሚያውቃት፤ ፓስፖርቷ ላይ ያለውን ስም እኛ ልጆቿ እንኳ የምናስታውሰው ሰነድ ስንሞላ ብቻ ነው። ወንድሜ እናቱን በልቡ ሲጠራት በነበረው ስም ትኬት ቆረጠላት። ስህተቱን ያየሁት ትኬቱን በላከልኝ ማታ ነው። በር ላይ ለመከራከር አልፈለግሁም፤ ቦታ ሳያልቅ በዚያው ሰዓት በፓስፖርት ስሟ ሌላ የ18 ዩሮ ትኬት ተቆረጠላት፤ የመጀመሪያው ሳይሠራ ቀረ።

ሮም ከገባን በኋላ ያጣነው አንድ ቀጠሮ አለ፤ ያጠፋነው ደግሞ በሰዓት አቆጣጠር ነው። ወንድሜ ሰፈሩ አቅራቢያ ላለ ትንሽ ሙዚየም ማክሰኞ ሐምሌ 8 ትኬት ይዞ ከሥራ ቦታው ለባለቤቴ «9 ሰዓት ላይ በር ላይ ሁኑ» ብሎ ጻፈለት። እሱ በ20 ዓመት ውስጥ ሰዓቱ ተለውጦበታል፤ 9 ሲል ጠዋት 3 ሰዓት ማለቱ ነው። እኛ ምሳችንን በልተን፣ ልጆቹን አስተኝተን አስነሥተን፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ በሩ ላይ ተገኘን። ትኬታችን ካለፈ ስድስት ሰዓት ሆኖታል። ሠራተኛዋ በትሕትና ብታነጋግረንም የዕለቱ ቦታ ሞልቶ ስለነበር ልታስገባን አልቻለችም። ወንድሜ ማታ ሲመጣ እናቴ «አንተ ልጄ፣ ፀሐይ ስትወጣ 12 ሰዓት መሆኑ ጠፋህ?» አለችው፤ እሱ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁሉንም ሰዓት «በእኛ» እና «በእነሱ» ብለን ሁለት ጊዜ መጻፍ ግዴታ ሆነ፤ ወረቀቱ ላይም «ሐሙስ፣ በእኛ ጠዋት 4 ተኩል፣ በእነሱ 10 ተኩል» እየተባለ ተጻፈ።

ስለተውናቸው ነገሮችም ልናገር፤ ዕቅዱን ያዳነው የተውነው ነውና። ልጄ መጀመሪያ ያዘጋጀችው ዝርዝር 14 ቦታ ነበረው። በቀን ከአንድ በላይ ቀጠሮ እንዳይያዝ፣ ቀጠሮ ያላቸው ሁለት ቀኖችም እንዳይከታተሉ ወሰንሁ። መለኪያዬ የእናቴ ጉልበት ነበር፤ እሷ የቻለችውን ትንሹ ልጄም ይችለዋል። የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጉልላት 551 ደረጃ ስላለው ወዲያው ተሰረዘ። ቦርጌዜ ጋለሪ ያለ ቀጠሮ የማይገባበት፣ ጉብኝቱም በሁለት ሰዓት የተወሰነ ነው፤ ልጄ የቀራፂውን የቤርኒኒን «አፖሎና ዳፍኔ» ሐውልት ለማየት ጓጉታ ስለነበር ይህን መሰረዝ አስለቀሳት፤ እኔም እስካሁን ይቆጨኛል። ፓንቴዮን የተባለውን ጥንታዊ ቤተ መቅደስ፣ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ የሚከፈልበት፣ ያኔም 5 ዩሮ የነበረ ቢሆንም፣ በመንገዳችን ካገኘነው እንገባለን ብለን ተውነው፤ አገኘነው፣ ገባን፣ ከጣሪያው ክፍት ክብ በሚወርደው ብርሃን ሥር ቆመን ወጣን።

ሐሙስ ሐምሌ 10 በቀጠሯችን ሰዓት ቫቲካን ደረስን። ትከሻና ጉልበት የማይሸፍን ልብስ እንደማያስገባ አውቀን ስለነበር ለልጄ ነጠላ ይዤ ነበር፤ እጅጌ የሌለው ቀሚሷ ላይ ደረበችው። ያለ ትኬት የመጡት በአጥሩ ጥግ ቆመው ፀሐዩ ሲጠብሳቸው እያየን ማለፍ ደስ አላለኝም፤ ከመካከላቸው እንደ እናቴ ያሉ አሮጊቶች ነበሩ። ውስጡ ረጅም ነው፤ ኮሪደር ኮሪደርን ይወልዳል። ብዙውን ሳናቆም አለፍነው። ጉልበታችንን ያጠራቀምነው ለሲስቲን ጸሎት ቤት ነበር፤ በሚያዝያ ወር የርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱን ምርጫ ለማካሄድ ተዘግቶ፣ በዚያ ሰሞን ቀጠሮ የያዙት ሳያዩት መመለሳቸውን ሰምተን ስለነበር እስክንገባ ድረስ ልባችን አላረፈም።

እናቴን ግድግዳው ጥግ ባለው አግዳሚ ላይ አስቀመጥናት። ነጠላዋን አስተካከለች፤ አንገቷን ቀና አደረገች፤ ብዙ ዝም አለች። ሚኬላንጄሎ እ.ኤ.አ. ከ1508 እስከ 1512 ቀና ብሎ የሳለውን ጣሪያ እኔ ለልጆቹ ላስረዳ መጽሐፍ አንብቤ ነበር የሄድሁት። እሷ ግን ማንንም ሳትጠይቅ በጣቷ እየጠቆመች ለትንሹ ልጄ በሹክሹክታ ትነግረው ጀመር። «ያ አዳም ነው። ያች ሔዋን። ያ የጥፋት ውኃ ነው፣ ሰዎቹ ዕቃቸውን ተሸክመው ሲሸሹ አየህ?» ከመሠዊያው በላይ ያለውን ትልቅ ሰውና አጠገቡ ያለውን ዓሣ አይታ «ዮናስ» አለች። ከዚያ በታች ባለው የፍርድ ቀን ሥዕል ላይ ቆዳውን በእጁ ያንጠለጠለውን ሰው ልጁ ሲጠይቃት «በርተሎሜዎስ ነው፤ ቆዳውን የገፈፉት ሐዋርያ» አለችው። ጠባቂው ዝምታ ሲያዝ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ጣቷ ግን መጠቆሙን አልተወም። 25 ደቂቃ ያህል ተቀመጥን። ቀጠሮ ባይኖረን ኖሮ ሦስት ሰዓት ቆማ ገብታ እንዲህ ለመቀመጥም ለመናገርም አቅም አይኖራትም ነበር፤ የ5 ዩሮው ጭማሪ የገዛልን ያንን 25 ደቂቃ ነው።

ቀጠሮ ልንይዝለት ብንፈልግም ያልቻልነው ቦታ ደግሞ እዚያው አጥር ውስጥ አለ። ከባዚሊካው ጀርባ ያለው የቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ ቤተ ክርስቲያን በ15ኛው መቶ ዘመን ለኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች የተሰጠ ነው። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ከእነዚያ መነኮሳት ግእዝ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ ሮም ውስጥ አሳተመ፤ በግእዝ የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ እሱ ነው። አባ ተስፋ ጽዮንም ሐዲስ ኪዳንን እ.ኤ.አ. በ1548 እና 1549 ያሳተሙት በዚያው ከተማ ነው። ይህን ለእናቴ ስነግራት ቤተ ክርስቲያኑ ወዳለበት አቅጣጫ ዞራ አማተበች። ወደዚያ እንደ ልብ አይገባም፤ ልጄ ስታድግ በፈቃድ ገብታ እንድታየው ተስፋ አደርጋለሁ።

ሰኞ ሐምሌ 14 ኮሎሴየም በር ላይ ፓስፖርታችንን አንድ በአንድ አዩ። አራቱ የቤተሰብ ስሞቻችን ሠራተኛውን ግር ቢያሰኙትም እያንዳንዱ ፊደል ከትኬቱ ጋር ስለገጠመ አሳለፈን። ስለ ኮሎሴየሙ ብዙ የምለው የለኝም፤ ንጉሠ ነገሥት ቲቶ እ.ኤ.አ. በ80 ዓ.ም. የመረቀው ያ ግዙፍ ሕንጻ ሰው ለመዝናኛ የተገደለበት መሆኑ ለትንሹ ልጄ ከባድ ሆኖበት ቶሎ ወጣን። ያ ቀን ያማረው ከበሩ ውጭ ነበር።

ከኮሎሴየሙ አጠገብ የቆስጠንጢኖስ ቅስት አለ። ትኬት የለው፣ ሰዓት የለው፣ ስም የሚጠይቅ የለው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ምሽት፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ የጨረሰው እዚያ ነው። ባለቤቴ ለልጆቹ ሲተርክላቸው አጠገባችን የነበሩ ቻይናውያን ጎብኚዎችም ምን እንደተፈጠረ ለማወቅ ቆመው አዩን። ከዚያ ወንድሜ በቀስታ እየመራ ወደ ፖርታ ካፔና አደባባይ ወሰደን፤ የአክሱም ሐውልት ከ1937 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቆሞበት የነበረው ቦታ ነው። አበበ ያን ምሽት አጠገቡ አልፏል። ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ ወደ አገሩ ሲመለስ ድሬዳዋ ቤታችን ውስጥ በቴሌቪዥን ተሰብስበን አይተናል፤ በ2000 ዓ.ም. አክሱም ላይ ተመልሶ ቆሟል። እናቴ ከዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) ሕንጻ ፊት ለፊት ባለው ጥላ ሥር ተቀምጣ ጉልበቷን እያሸች «እንኳን እዚህ አጣሁት» አለች። በማግስቱ ወደ ባቡር ጣቢያው ስንሄድ ደግሞ ወንድሜ ከተርሚኒ አጠገብ ያለችውን ትንሽ የግብፅ ሐውልት አሳየን፤ በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ለሞቱት የጣሊያን ወታደሮች መታሰቢያ ናት። ከሁለቱም የትኛውም በልጄ የ14 ቦታ ዝርዝር ውስጥ አልነበረም፤ ቀኖቹን በቀጠሮ ብንሞላቸው ኖሮ ወንድሜ የሚያሳየን ጊዜ ባላገኘ ነበር።

ሐምሌ 15 ማታ ሻንጣ ስናዘጋጅ ወረቀቶቹን ልጥል ሰበሰብኋቸው፤ የአውሮፕላኑ፣ የቫቲካኑ፣ የኮሎሴየሙ። ወንድሜ ያተማቸው ናቸው። እናቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ እጇን ዘርግታ የኮሎሴየሙን ጠየቀችኝ። የገባችበትን ሰጠኋት። በላቲን ፊደል የተጻፈውን ስም አስነበበችኝና መለሰችልኝ። ከዚያ ያልሠራውን፣ ወንድሜ በቤት ስሟ የቆረጠላትን አንሥቼ አነበብሁላት። «ይኼኛው ነው የእኔ» አለች። አራት ላይ አጠፈችው፤ ዳዊቷን ከቦርሳዋ አወጣች፤ የአባቴ ፎቶግራፍ ባለበት ገጽ መካከል አስገባችው።